ፈገግታዬን የገዙት በጎች

«ትንሽ ፈገግ፣ ቀና ብለው» ሲል ለእኔ መስሎኝ ነበር። ፈገግ አልኩ፤ ቀናም አልኩ። ምንተስኖት ግን ካሜራውን ከዓይኑ ላይ አወረደና፣ «ጋሼ፣ እርስዎን አይደለም፤ ከኋላዎ ያለውን ግድግዳ ነው። እባክዎ ትንሽ ገለል ይበሉለት» አለኝ።

ዞሬ አየሁት። የኮንዶሚኒየማችን የኮሪደር ግድግዳ ነው፤ ቀለሙ የተላጠው፣ ከተሠራ ጀምሮ መሃሉ ላይ ስንጥቅ ያለበት። ስንጥቁ ቀስ ብሎ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተለጠጠ፤ ዳርና ዳሩ ወደ ላይ ቀና አለ። ግድግዳው ፈገግ አለ። በሰፈራችን ከማውቀው ሰው ሁሉ ይልቅ ጨዋ ፈገግታ ነበረው።

ይህን ያየሁት ትናንት እሁድ ነው። ምሳ እስኪቀርብ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ፤ ይዞኝ የሄደው ደግሞ እዚያው ደጃፌ፣ ኮሪደሩ ላይ ነው። ሌላው ሰው ሕልም አየሁ ሲል ባሕር ይሻገራል፣ ከነገሥታት ጋር ማዕድ ይቀመጣል። እኔ በሕልሜም ከአዳማ አልወጣሁም።

ምንተስኖት በእውኑም ጎረቤቴ ነው፤ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራል። ቀድሞ ሰርግ ነበር የሚያነሳው። አሁን ሙሽራ ትቶ ሽንኩርት ያነሳል። ሽንኩርት፣ ባዶ ወንበር፣ የተጨባበጡ እጆች፣ ዝናብ ያረፈበት መስኮት። ያነሳውን በኢንተርኔት ለውጭ አገር ኤጀንሲዎች ይልካል፤ እነሱ ይመረምሩና ከወደዱት ገበያ ላይ ያወጡታል። ከዚያ በየትም አገር ያለ ማስታወቂያ ሠሪ በጥቂት ሳንቲም ይገዛዋል፤ ያንኑ ፎቶ ሌላውም ይገዛዋል፤ ሽንኩርቱ ግን አያልቅም። እኔ ባለሱቅ ነኝ፤ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ከሸጥኩ ሽንኩርቱ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ የእሱ ንግድ አልዋጥልህ ብሎኝ ሳሾፍበት ከረምኩ። «ያንተን ሽንኩርት የሚገዙት ሰዎች ወጡን በምን ይሠሩታል?» እለዋለሁ። አይቆጣም። የሚከፋው ኤጀንሲዎቹ ፎቶውን ሲመልሱበት ነው። «ደብዝዟል»፣ «የድርጅት ምልክት ይታያል»፣ «ይህን የመሰለ ብዙ አለን» ብለው የመለሱበት ቀን፣ ደረጃውን ሲወጣ ኮቴው እንኳ አይሰማም።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ሲስቅ ገበያው ጥሩ ነው» አለኝ። ሽማግሌ ማለቱን አለፍኩለት። አልስቅም ግን አልኩት። እኔ ሰው ላይ እቀልዳለሁ እንጂ ፊቴ አይከተለኝም፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ባለቤቴ እታፈራሁ ደግሞ ከሰፈሩ ሁሉ የበለጠ ታውቃለች። ልጅ አልወለድንም፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው እሷና የእኔ ፊት ነን። ብቻ ምንተስኖት ሊያነሳኝ ወደኋላ ሲል፣ ሲል፣ የምስር ጆንያዬ ውስጥ በቂጡ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ሳላስበው ሳቅኩ፤ እሱም ምስሩ ውስጥ እንደተቀመጠ አነሳኝ። ከዚያ «ፊቴ እንዲሸጥ ፈቅጃለሁ» የሚል ወረቀት አመጣ፤ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሳላስቸግረው ፈረምኩለት።

ወደ ሕልሜ ልመለስ።

«እኔን ካላነሳህ ታዲያ ምን ፈልገህ አስቆምከኝ?» አልኩት።

«እርስዎማ ተሸጠዋል እኮ፤ ጠዋት ነው የሄዱት።»

«ይኸው እዚህ ቆሜያለሁ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ቀሪው ነው» አለ፤ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው።

እጄን ወደ ከንፈሬ ሰደድኩ። ከንፈሬ አለ። ዳርና ዳሩ ግን እንደተሰፋ ኪስ ሆኖ አልላወስ አለኝ። ፈገግታው ከነሥሩ ሄዷል። የሄደበት ቦታ ቀዝቅዟል፤ በር ሳይዘጋ እንደተተወ ቤት።

«አይጨነቁ» አለኝ ምንተስኖት። «ሲሸጡ አይሰማዎትም። መጀመሪያ ፈገግታው ነው፤ ከዚያ ፊትዎ በሙሉ ያልቃል። ምሳ ሳይቀርብ ቤት ይገባል።»

«ማን ነው ቤት የሚገባው?»

«ፊትዎ ነዋ።»

«እታፈራሁ ጋ?»

«ሌላ የት ይሄዳል? አድራሻው እሱ ነው።»

«እኔስ?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት ግድግዳውን አንድ ጊዜ አነሳው። «የኤጀንሲዎቹ መርማሪዎች ካልመለሱዎት በቀር እንጃ» አለ። «እነሱ የመለሱት ሰው ፊቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የተቀበሉትን ግን… እሱን አላውቅም ጋሼ። እኔ እስካሁን የተመለሰብኝን እንጂ የተቀበሉኝን ተከትዬ አይቼ አላውቅም።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቸኩዬ ደረጃ ወርጄ አላውቅም። መርማሪዎቹ ዘንድ ደርሼ፣ «ይሄ አይረባም» አስብዬ፣ እታፈራሁ ምሳ ሳታቀርብ መመለስ አለብኝ። የምችለው ነገር መሰለኝ። አይረባም መባል እስከዚያ ቀን ድረስ አስቸግሮኝ አያውቅማ።

ከውጭ ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማለች፤ ግን የማንም ጥላ የለም። የመንገድ ጽዳት ሴቶች በረድፍ ሆነው ይጠርጋሉ። ጠጋ ስል የሚጠርጉት ቆሻሻውን አይደለም፤ መንገዱን ነው። የሙዝ ልጣጩን፣ የውሃ ላስቲኩን በጥንቃቄ ገለል እያደረጉ አስፋልቱን ይጠርጉታል፤ መጥረጊያው ያለፈበት ሁሉ ነጭ ይሆናል። እንደ በረዶ ነጭ አይደለም፤ እንደ ወተትም አይደለም። ምንም እንደሌለበት ነጭ። ባጃጆቹ ነጩ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ጎማቸው የሚረግጠው ነገር አጥቶ በዝምታ ይሽከረከራል።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አልኳት አንዷን።

«ጀርባው ነጭ ይሁን ተብሏል» አለችኝ፣ ወገቧን ደገፍ አድርጋ። «ነጭ ላይ የቆመ ሰው ለማንም ይሆናል። መንገድ ላይ የቆመ ሰው ግን የመንገዱ ነው።»

«ሱቄ እዚህ ጋ ነበር።»

«የቱ ሱቅ?» አለችና እግሬ ሥር ያለውን ጠረገችው። ምንም በሌለበት ላይ ቆምኩ። አልወደቅኩም፤ ብወድቅ ይሻለኝ ነበር።

ሳይጠረግ የቀረው ኳስ ሜዳው ብቻ ነው። በበዓል ዋዜማ የበግ ገበያ የሚቆምበት ሜዳ ነው፤ ያን ቀንም ገበያ ቆሟል። ገመዱ ግን ያለው እኛ አንገት ላይ ነው። መቼ እንደታሰረብኝ አላየሁም። ሰዎች በየረድፉ ቆመናል፤ በጎቹ ጃንጥላ ይዘው፣ ባልና ሚስት እየሆኑ፣ በመሃላችን እየተዘዋወሩ ያዩናል። የሚጮህ የለም። የበግ ገበያ ጸጥ ሲል ሰምታችሁ አታውቁም፤ እኔም ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ነጠላ ያጣፋች አንዲት በግ ፊቴ ቆመች። ጎኔን በሰኮናዋ ጨመቅ ጨመቅ አደረገችው፤ ከዚያ ወገቤ ላይ ይዛ ከመሬት ብድግ አድርጋ መለሰችኝ። ለፋሲካ እኔ የማደርገውን ነው፤ ምንም አልጨመረችም።

«ጥርስህን አሳየኝ» አለች።

«ፈገግ ማለት አልችልም፤ ተሸጧል።»

«ፈገግታውን ማን ጠየቀህ? እሱን እኔ ነኝ የገዛሁት፤ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። ዕድሜህን ልየው እንጂ» ብላ ከንፈሬን በሰኮናዋ ገለጥ አደረገችው። አፏ ያደረ ሣር ይሸታል።

ባሏ ኮፍያውን ወደኋላ ገፋ አድርጎ፣ «ምን በልቶ ነው ያደገው?» አላት። እኔ ፊታቸው ቆሜ እሷን ይጠይቃታል።

«ሽሮ» አልኩ።

«ሽሮ የበላ ፊት ቶሎ ይጠወልጋል። ያ አምና የገዛነው ትዝ አይልሽም? ከመሰቀሉ ፍሬሙ ውስጥ ተንሸራቶ ወረደ።»

«ይሄኛው አይወርድም» አለች በጓ። ጉንጬን በሰኮናዋ ጫፍ ዳሰሰችው። «እየው እስቲ፣ ብዙ አልተሳቀበትም። እንደ አዲስ ነው።»

«ልትበሉኝ ነው?» አልኳት።

ተቀየመች። «ወግድ። ሰው ይበላል እንዴ? ልናይህ ነው።»

እንዲህ ስትል ዓይኗን አላርገበገበችም። ይህን ሁሉ ዘመን በግ ስገዛ ኖሬ፣ የበግ ብሌን ወደ ጎን የተጋደመ መሆኑን ልብ ብዬው አላውቅም። ተንጋሎ እንደተኛ ሰው ነው። ውስጡ እኔ ቆሜያለሁ፤ ከኋላዬ ምንም የለም፤ ሁሉም ነጭ ነው።

ገመዴን ይዛ ወደ መርማሪዎቹ ወሰደችኝ። እኔ መሥሪያ ቤት ስለምፈራ ገና ከሩቁ ሰልፉን ሳይ ልቤ ዝቅ አለ፤ ግን የተሰለፉት መርማሪዎቹ ናቸው። ጠርዝ የሌለው ጠረጴዛ ላይ እኛን ያስቀምጡናል፤ እነሱ ማኅተማቸውን ይዘው ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ተራው የደረሰው መጥቶ አንዱን ሰው ያየዋል። መርማሪዎቹ ያረጁ ሙክቶች ናቸው፤ ቀንዳቸው ላይ መነጽር ሰክተዋል።

ከእኔ ቀድመው የተቀመጡት መንታ እህትማማቾች ነበሩ። ሙክቱ አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ፤ «ይህን የመሰለ አለን» አለና ሁለተኛዋን መለሳት። የተቀበላት ቀረች። የተመለሰችው ልጅ ወርዳ ጥቂት ከሄደች በኋላ ዞር ብላ እህቷን ጠራቻት። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ፈገግ ብላ ወደ ፊት ታያለች። ዳግመኛ ጠራቻት። ፈገግታው አልተነካም።

ቀጥሎ የግቢያችን ዘበኛ ጋሽ በዳዳ ነበር። ሦስት ሙክቶች ተጋግዘው አዩት፤ ጢሙን፣ አሮጌ ካፖርቱን፣ ዱላውን። «ባለካፖርት ዘበኛ ሞልቶናል» አሉና ከጠረጴዛው አወረዱት። በአጠገቤ ሲያልፍ ፊቱ በርቶ ነበር።

«ምን አሉህ?» አልኩት፣ የሰማሁት ነገር ቢሆንም።

«አትፈለግም አሉኝ» አለ ጋሽ በዳዳ፤ ሎተሪ የወጣለት ሰው ይመስላል። «በቃ ወደ ቤቴ። አንተም በርታ፤ አይረቤ መስለህ ታያቸው። አንተማ አታጣውም።» አንገቱ ላይ ያለው ገመድ ራሱ ተፈትቶ ወደቀ፤ እሱም ዱላውን እየመታ ሄደ። ዱላው ነጩን ሲመታ ድምፅ አልነበረውም።

ተራዬ ደረሰ። የመጣልኝ ሙክት ከሁሉም ያረጀ ነው። መነጽሩን አስተካከለና፣ «ስም» አለኝ።

«አስራደ።»

«አራግፈው።»

«ምኑን?»

«ስሙን። ስም ያለበት ነገር አንቀበልም። ለመሆኑ ማን ነው አስራደ ብሎ የሚፈልግ? ሰው የሚፈልገው ‹ደስተኛ ሽማግሌ› ብሎ ነው።»

«ሽማግሌ አይደለሁም» አልኩት።

«ደስተኛስ ነህ?»

ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።

«እንግዲያው አንዱን እንኳ ተቀበል» አለና የሚጠሩኝን ቃላት ይለጥፍብኝ ጀመር። በምላሱ እያረጠበ ግንባሬ ላይ፣ ደረቴ ላይ፣ ጉልበቴ ላይ። «አፍሪካ። ጡረታ። ጤናማ ጥርስ። ተስፋ። አያት።»

«አያት ለመሆን መጀመሪያ ልጅ ያስፈልጋል።»

«ነጭ ላይ አያስፈልግም» አለ።

ከዚያ በኋላ ስሜን ልናገር ብሞክር አፌ ላይ የሚመጣው «ጡረታ» ሆነ። እንዳይገባኝ የፈለግኩት ነገር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ትንሽ ከዘገየሁ የምመልሰው ፊት አይኖረኝም። ምንተስኖት ደረጃ ላይ እየቆመ ያማረረኝን ሁሉ አስታወስኩ። ፎቶ የሚመለሰው በምን በምን እንደሆነ ከእሱ በላይ የሰማሁት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ፊቴን አኮሳተርኩት፤ ይህ እንኳ ሙያዬ ነው። ሙክቱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየኝ። «ጥሩ» አለ። «ለራስ ምታት ክኒን ይሆናል።» ለጠፈብኝ።

ደብዛዛ አይቀበሉም ሲል ሰምቼው ስለነበር ራሴን ነቀነቅኩ። ትከሻዬን፣ እጄን፣ አገጬን አንቀጠቀጥኩ፤ ዳርቻዬ እስኪጠፋኝ ድረስ። «ይንቀጥቀጥ» አለ ሙክቱ ለጓደኛው። «ለብርድ ልብስ ነው።» ለጠፈብኝ።

የድርጅት ምልክት አይቀበሉም። ኮቴን ገልጬ ከውስጥ ያለውን ካናቴራ አሳየሁ፤ የዘይት አከፋፋዮች በነጻ የሰጡኝ ነው፤ ደረቱ ላይ የዘይት ጀሪካን የሚያህል ምልክት አለው። ሙክቱ ደረቴን አንድ ጊዜ ላሰው። ምልክቱ ጠፋ። ምላሱን መለሰና ትንሽ ዝቅ ብሎ ላሰኝ። ያኔ ልቤ ስትመታ አልሰማኋትም።

«ተቀብለናል» አለ። ከኋላው የተሰለፉት መርማሪዎች በሙሉ አንድ ላይ፣ በጣም በቀስታ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ «ባ» አሉ።

«ባለቤቴ ምሳ ላይ እየጠበቀችኝ ነው» አልኩት። ለበግ እንዲህ ለምኜ አላውቅም። «ልጅ የለንም። ከእኔ ሌላ ማንም የላት።»

ሙክቱ መነጽሩን ከቀንዱ ላይ አወለቀ። ሲያወልቀው የሚያዝን መሰለኝ። «ከዛሬ ጀምሮ» አለኝ፣ «አንተን የመሰለ ብዙ አላት።»

ገመዱን በጥሼ ሮጥኩ። የተጠረገው ከተማ ውስጥ የሚያግደኝ ነገር አልነበረም፤ የሚመራኝም አልነበረም። ብሎካችንን ያገኘሁት አሽትቼ ነው፤ የእታፈራሁ ጎመን ይሸታል። ሕንፃው ተጠርጎ ደረጃው ብቻ ነጩ ላይ ቆሟል። በወጣሁ ቁጥር ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ወደ ታች ወረድኩ፤ ወደ ላይ ወሰደኝ።

በየደረጃው ላይ እኔ ነበርኩ።

አንዱ እርጎ በማንኪያ ይዟል። አንዱ የግንበኛ ቆብ አድርጓል። አንዱን ሐኪም ደረቱን እያዳመጠው ነው፤ ሐኪሙ ግን ከክርኑ በላይ የለም። አንዱ የማላውቃትን ሽበታም ፈረንጅ አቅፎ ቆሟል፤ በዚህኛው እንኳ ትንሽ አፈርኩ። ሁሉም ያቺን ምስር ላይ የሳቅኳትን ሳቅ ይስቃሉ፤ አንዲቱን ሳቅ ለሁላቸውም አድለዋታል። አያወሩም። ጫማቸው ደረጃውን አይነካም። ተራ በተራ፣ ሳይገፋፉ፣ ወደ ቤቴ ይወጣሉ። እኔ ስደርስባቸው በትሕትና ጥግ ይይዙልኛል፤ ጀርባቸውን ግን ከግድግዳ አያላቅቁም።

በራችን ክፍት ነበር። እታፈራሁ ምሳ አቅርባለች። ገበታው ዙሪያ እኔ ተቀምጫለሁ፤ ሶፋው ላይ እኔ፣ በርጩማው ላይ እኔ፣ መስኮቱ ሥር እርጎ የያዝኩት እኔ። እሷ መሃል ቆማ ከአንዱ ወደ አንዱ ታያለች። ፊቷ ላይ ሃያ ምናምን ዓመት ያላየሁት ነገር አለ፤ ሙሽራ ሆና ሳለ ነበራት መሰለኝ።

«እታፈራሁ» ልላት አፌን ፈለግኩት። አፌ የለም። አፍንጫዬም የለም። ፊቴ እንደ ሳህን ለስልሷል።

«አንተ ደግሞ ማነህ?» አለችኝ፤ በሩ ላይ እንደቆመ እንግዳ ቆጥራኝ።

እጄን አሳየኋት፤ የሚዛኑ ብረት ወድቆበት የጠቆረውን ጥፍሬን። ገበታው ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ እጃቸውን አነሱ። ሁሉም ጥፍር ጥቁር ነው። ኮቴን አሳየኋት፤ ኮቱን ለብሰዋል። አንገቴን፣ ጆሮዬን፣ ሽበቴን አሳየኋት። ፎቶው ውስጥ የገባው ሁሉ ከእኔ ይልቅ እነሱ ላይ አምሯል።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ታየኝ። መስኮቱ ሥር ያለው እርጎውን ሊያስቀምጥ ትንሽ ዘወር ሲል፣ ከኋላው ነጭ ነው። ፀጉር የለውም፣ ማጅራት የለውም፣ ኮቱም እዚያ ላይ ያልቃል። ምንተስኖት የወሰደው የፊቴን በኩል ብቻ ነው። ጀርባዬ አልተሸጠም።

ዞርኩላት። በሩን እያየሁ፣ ጀርባዬን ለእሷ ሰጥቼ ቆምኩ። የኮቴ ስፌት የተረተረበትን ታየዋለች፤ የጎበጠ ትከሻዬን፣ እሷ ራሷ የቆረጠችውን የማጅራቴን ፀጉር ታየዋለች። የእርምጃዋ ድምፅ ወደ እኔ መጣ። እጇ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

«ይህንንስ አውቀዋለሁ» አለች በቀስታ። «የእሱ ጀርባ ነው። ቤት ሲሆን የሚያሳየኝ እሱን ነው።»

ልቤ ተመለሰች። ልዞር ስል በትከሻዬ ያዘችኝ።

«ቆይ፣ አትዙር» አለች። ድምፅዋ ክፋት አልነበረውም፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። «ሰዎቹ ምሳ ላይ ናቸው። ደግሞ እነሱ ይስቃሉ።» ደጅ የቀረ ዕቃ ገፋ እንደሚያደርግ ሰው ከመድረኩ ገፋ አደረገችኝ። ከኋላዬ በሩ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማሁ።

መጮህ ፈለግኩ። አፍ በሌለው ፊቴ፣ በጀርባዬ፣ በማጅራቴ ልጮህ ሞከርኩ፤ ከሩቅ እየቀረበ የሚመጣ ድምፅ ወጣልኝ። ልቅሶ ነው።

ነቃሁ። ልቅሶው ግን አልተቋረጠም። የእኔም አልነበረም፤ በደረጃው በኩል ነው የሚመጣው። የሴት ድምፅ፣ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ከኋላው ሌላ ብዙ ሰው አለ። አፌን ዳሰስኩ፤ ቦታው አለ። እታፈራሁ በአንድ እጇ በሩን ደገፍ አድርጋ ቆማለች፤ አጠገቧ ምንተስኖት፣ በቱታ።

«ማናት?» አልኩ።

«እህትህ ጥሩወርቅ። ከአሰላ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ይዛ መጥታለች።»

«ምን ሆና?»

«እሷ ምንም አልሆነችም። የሞትከው አንተ ነህ» አለችና ስልኳን አቀበለችኝ።

ፌስቡክ ላይ እኔ አለሁ። ነጭ ላይ ቆሜ፣ ያችን የምስር ሳቅ እየሳቅኩ። አጠገቤ ረጅም ሻማ በርቷል፤ ከሥሬ በማናውቀው ቋንቋ አንድ መስመር ተጽፏል። ከዚያ በታች ያገሬ ሰው ሁሉ እየተቀባበለው «ነፍስ ይማር» ብሏል። አንድ ጎልማሳ ብቻውን ፈገግ ብሎ፣ አጠገቡ ሻማ ሲበራ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል? የማያውቁኝም ብለዋል። ጠዋት ዳቦ የሸጥኩላት ጎረቤታችንም «ደግ ሰው ነበሩ» ብላ ጽፋለች፤ እሱን ዳቦውን ስትወስድ አልነገረችኝም። ስልኬ ደግሞ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቶ ስለነበር፣ ጥሩወርቅ ደውላ ደውላ ስታጣኝ ነገሩን አምናለች።

«ተሸጠ ጋሼ» አለ ምንተስኖት፤ ደስታውንና ድንጋጤውን የቱን እንደሚያስቀድም አላወቀም። «የውጭ አገር የሻማ ፋብሪካ ነው የገዛው። ማስታወቂያ ነው እኮ፤ ሌላ አይደለም። ወዲያው ነው የተቀበሉኝ።»

ልቅሶው ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ደርሷል። ጎረቤቶች በር ሲከፍቱ፣ ነጠላ ሲያዘቀዝቁ፣ «መቼ ነው?» ሲባባሉ ይሰማል። ጫማዬን አንዱን አገኘሁ፣ አንዱን አጣሁት።

«በሕይወት አለ አትያቸውም እንዴ?» አልኳት እታፈራሁን።

«ታች ሆነው ሲደውሉልኝ ብያቸዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ያለቅሳሉ?»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «‹ካለማ፣ ከመቼ ወዲህ ነው የሚስቀው?› አሉኝ» አለች።